ጽፌያለሁ የሚል ደረሰኝ

በጄኔቭ ዳርቻ፣ ሜራን ላይ የሚገኘው የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን ታላቁን የሃድሮን ማጋጫ ለመክፈት ሲሰናዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የማይመች ጥያቄ አነሣ፦ ዲስክ «ጽፌያለሁ» ሲል ይታመናል? ከ3000 በሚበልጡ ኮምፒውተሮች ላይ በየሁለት ሰዓቱ 2 ጊጋባይት ያህል የታወቀ መረጃ ጽፎ መልሶ የሚያነብ ፕሮግራም አሰማራ። በአምስት ሳምንት 500 ስሕተት በ100 ኮምፒውተሮች ላይ ተገኘ። አብዛኛው የዲስኩና የተቆጣጣሪ ካርዱ አለመጣጣም ያመጣው ነበር።

አለመታመኑ የቈየ ሥር አለው። ዲስክ ለፍጥነት ሲል መረጃውን በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው (ካሽ) ያቈያል፤ ሰሌዳው ላይ ሳያሰፍርም ደረሰኝ ይቈርጣል። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ደረሰኙ ስንቅ የሌለው ቼክ ነው። ሊኑክስም የአጻጻፉን ቅደም ተከተል የሚያስጠብቀውን «ባሪየር» በኤክስት3 ዘመን ዘግቶት ኖሯል፤ በመደበኛነት የከፈተው በ2008 ከወጣው ኤክስት4 ጋር ነው። መዘግየቱ አያስገርምም፤ ፍጥነት በገበያ ይለካል፣ ኪሳራው ግን የሚወድቀው በመረጃው ባለቤት ላይ ነው።

መብራት በሚቈራረጥባት አዲስ አበባ ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ ካሹን ይዘጋል፣ አለዚያም ባትሪ ያለው ተቆጣጣሪ ይገዛል። ከጉዳት በኋላ የሚሠራው ኤፍኤስሲኬ የፋይል ሥርዓቱን መዋቅር ይጠግናል እንጂ የጠፋውን ይዘት አይመልስም።