ቋጠሮና ቀጠሮ

ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር በኩል ወደ ሐመር አገር የሚወርድ መንገደኛ፣ የአሪ ሕዝብ ደጋ ከኋላው እየራቀ፣ ቆላውና የግራር ቁጥቋጦው ከፊቱ እየሰፋ ሲሄድ፣ ዲመካ የምትባለውን የገበያ ከተማ ያገኛል። በዚያች ገበያ፣ በአንድ ቅዳሜ ከቀትር በፊት፣ ማር ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ቆሞ ዘመዱን የሚጠብቅ አንድ ወጣት አየሁ፤ በአንገቱ ስልክ አንጠልጥሏል፣ በወገቡ ደግሞ ከዛፍ ልጥ የተገመደ፣ ከስንዝር ጥቂት የሚረዝም ገመድ ሰክቷል። በገመዱ ላይ ሰባት ቋጠሮዎች ነበሩ፤ ከሰባቱ በላይ ያለው ክፍል ግን ተቋጥሮ የከረመ ልጥ ሲፈታ እንደሚሆነው ሁሉ ተጠማዝዞ ስለ ቀረ፣ ከዚያ በፊት ሌሎች ቋጠሮዎች እንደ ነበሩበት ያስታውቅ ነበር። ስንት ቀን እንደ ቀረው በጠየቅሁት ጊዜ ወደ ገመዱ አልተመለከተም፤ በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሳቸውና መለሰልኝ።

ያ ገመድ የጥሪ ደብዳቤ ነው። በሐመር ዘንድ ከልጅነት ወደ ሙሉ ሰውነት የሚሸጋገረው ጐልማሳ ኡኩሊ ይባላል፤ ይኸውም ኡኩሊ ጎን ለጎን በተሰለፉ ከብቶች ጀርባ ላይ እየሮጠ የሚያልፍበት ቀን ከተቈረጠ በኋላ፣ በየመንደሩ ለተበተኑት ወገኖቹ እንዲህ ያለውን ገመድ ያድላል፤ የቋጠሮው ቍጥር እስከ በዓሉ የቀረው የቀን ቍጥር ነውና ተጠሪው በየቀኑ አንዱን ይፈታል፣ ወይም ይቈርጣል፤ ገመዱ ባለቀበትም ዕለት፣ ፊደል ያልቈጠረው ሁሉ ከየአቅጣጫው መጥቶ ያለ ስሕተት በአንድ ሜዳ ይገናኛል። ወጣቱን፣ ስልክ ይዘህ ሳለ ገመዱ ለምን ያስፈልግሃል ብዬ ብጠይቀው፣ «የሰጠኝ የእናቴ ወንድም ልጅ ነው፤ ብጥለው በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አለኝ።

በዘመናችን የሰውን ጉዳይ የሚመዘግቡ፣ ቀኑንም የሚያስታውሱ የስልክ መተግበሪያዎች በዝተዋል፤ የከተማው ሰውም ከእነዚህ የትኛው እንደሚበልጥ ማወዳደር አንድ ትልቅ ቁም ነገር አድርጎታል። ነገሩ በእውነት ቁም ነገር ነው፤ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ማስታወሻ ያስፈልገዋልና። ይሁን እንጂ ውድድሩ ከስልክ ብቻ ከተጀመረ አጭር ይሆናል። በደቡብ ኦሞ ምድር ብዙ ዓይነት ማስታወሻ ጎን ለጎን ኖሯል፤ ስለዚህ እኔ ማወዳደሬን ከገመዱ እጀምራለሁ።

ቋንቋችን ራሱ ወደዚህ ይመራል። ቈጠረ፣ ቀጠረ፣ ቋጠረ የሚሉት ሦስት ቃላት ለጆሮ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ገንዘቧን በነጠላዋ ጫፍ የምትቋጥር እናትም፣ ባለጋራውን ለዳኛ ቀን የሚቀጥር ተሟጋችም፣ የጾሙን ሳምንት የሚቈጥር ምእመንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ይናገራሉ። የሐመር ሰው ሦስቱን ግሦች በአንድ ልጥ ላይ ሰብስቧቸዋል፤ ቀጠሮውን ይቋጥራል፣ ቋጠሮውን ይቈጥራል።

ይህም ጥበብ በጥንቱ ዓለም ያልታወቀ አልነበረም። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በአራተኛው መጽሐፉ እንደ ተረከው፣ የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ ወደ እስኩቴስ በዘመተ ጊዜ የኢስጥሮስን ወንዝ በድልድይ ከተሻገረ በኋላ፣ ድልድዩን ለሚጠብቁት ለኢዮንያ ገዦች 60 ቋጠሮ ያለበት ጠፍር ትቶላቸው ነበር፤ በየቀኑ አንድ እንዲፈቱ፣ ቋጠሮው አልቆ ንጉሡ ባይመለስ ግን ወደ አገራቸው እንዲሄዱ አዘዛቸው። ቀኑ አለፈ፤ ንጉሡም አልተመለሰም፤ ገዦቹ ግን ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ድልድዩን ጠብቀው ቆዩት። ዳርዮስ ጠፍሩን ለገዦቹ ሰጥቶ እንደ ሄደ ሁሉ ኡኩሊም ገመዱን ለዘመዶቹ ይሰጣል፤ ሁለቱም ነገራቸውን ለሌላ ሰው እጅ አደራ ብለዋል። አደራ ባለበት ዘንድ ማስታወሱ የልቡና ሥራ ብቻ አይደለም፤ ኀፍረትና ፍቅርም ያግዙታል።

በዚያው በዓል ላይ የኡኩሊ እኅቶችና ሴት ዘመዶች በቀጭን አርጩሜ ተገርፈው ጀርባቸው ላይ የሚቀረው ጠባሳ፣ ወንድማቸው በችግራቸው ጊዜ ሊደርስላቸው እንደሚገባው የሚያስታውስ ምልክት ሆኖ ይቈጠራል። ይህ በሴት ሥጋ ላይ የተጻፈ መዝገብ እኔን ያሳዝነኛል፤ ባለዕዳው ሌላ ሆኖ ሳለ ሕመሙን የምትሸከመው ባለመብቷ ናትና። ዕዳ በልጥ ሊቋጠር እንደሚችል የሚያውቅ ሕዝብ ይህንንም በልጥ ቢያደርገው እወዳለሁ።

ከሐመር ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በማጎና በኦሞ ወንዞች መካከል የሚኖሩት ሙርሲዎች ደግሞ ሌላ ሥርዓት አላቸው፤ እኔም በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት እፈልጋለሁ። የሙርሲ ዓመት በጨረቃ ልደት ይቈጠራል፤ ወሩም በስም ሳይሆን በቍጥር ይታወቃል፣ የዘመን ቈጠራውንም ቤርጉ ይሉታል። ወሩ ስንተኛ እንደ ሆነ ሁለት ሽማግሌዎች ቢጠየቁ አንዱ አምስተኛ፣ ሌላው ስድስተኛ ሊል ይችላል፤ የማንም ቃል የመጨረሻ አይደለም፤ ይከራከራሉ እንጂ አይጣሉም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኦሞ ሙላት ሲመጣ፣ ወይም ከደቡብ ሰማይ ከዋክብት አንዱ በምሽት መታየቱን ሲተው፣ ወይም የታወቀ አበባ ሲፈካ፣ ተሳስቶ የነበረው ቍጥሩን ያስተካክላል። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሊቃውንት በ1978 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መርምረው ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ክርክሩ የቍጥሩ ጉድለት ሳይሆን የሚያቃናው መሣሪያ መሆኑን አስረድተዋል፤ አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር ከፀሐይ ዓመት ያንሳልና፣ አንዳንዴ አሥራ ሦስተኛ ወር ሳይገባ ዘመኑ ከዝናሙ ጋር ሊሄድ አይችልም፤ ይህም ወር መቼ እንደ ገባ የሚታወቀው በዚያ ክርክር ነው።

ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይነካል፤ ችግሩ የእኛም አባቶች ችግር ነበርና። ለእስክንድርያው አሥራ ሁለተኛ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚነገርለት የቤተ ክርስቲያናችን ቀመር፣ ጨረቃ ከፀሐይ በዓመት 11 ቀን ወደ ኋላ መቅረቷን አበቅቴ ብሎ ይይዛታል፤ መጥቅዕ ደግሞ 19 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይሞላሉ። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. 5500 ዓመተ ኩነኔና 2016 ዓመተ ምሕረት ተደምረው 7516 ዓመተ ዓለም ይሆናሉ፤ ይህ በ19 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ አንዱ ስለ ዘመኑ ሲተው ወንበሩ 10 ነው፤ 10 ጊዜ 11 በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 20፣ 10 ጊዜ 19 በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 10። ከዚህ ተነሥቶ ደብተራው ጾመ ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ትንሣኤን፣ ርክበ ካህናትን ሁሉ በአንድ ሌሊት ያወጣል። በዚህ ቀመር ውስጥ መባጃ ሐመር የሚባል ቃል አለ፤ ሐመር በግእዝ መርከብ ማለት ነው፤ ከኦሞው ሕዝብ ስም ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ሆኖም በዚያ አገር ለሚጓዝ የአብነት ተማሪ ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው። ድሜጥሮስ ያንን 11 ቀን በቀመር ሲይዘው ሙርሲ በወንዙና በሸንጎው ይይዘዋል። ቀመሩ ይበልጥ የተጣራ ነው፤ ለመጠበቁ ግን ተማሪና ብራና ይፈልጋል፤ የሙርሲ ቍጥር የሚፈልገው እርስ በርስ የሚነጋገሩ ሰዎችንና የሚሞላ ወንዝ ነበር።

ነበር ማለቴ በምክንያት ነው። 243 ሜትር ቁመት ያለው የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ ተመርቋል፤ ለአገሪቱ የሚሰጠው ብርሃን ታላቅ ነው፤ ይሁን እንጂ የኦሞ ዓመታዊ ሙላት በሙርሲዎች ዳርቻ እንደ ወትሮው መምጣቱ ቀረ። ስለ ጠፋው የዳርቻ እርሻ ብዙ ተጽፏል፣ መጻፉም ተገቢ ነው፤ ከእርሻው ጋር ግን ወሩን ከሚፈርዱት ዳኞች አንዱም ተነሥቷል። ሁለት ሽማግሌዎች ዛሬም ቤርጉው አምስተኛ ነው፣ ስድስተኛ ነው ሊባባሉ ይችላሉ፤ በመካከላቸው የሚመጣው ውኃ ግን የለም።

ሌላው ማስታወሻ የመንግሥት ጽሕፈት ነው፤ ወደዚህ አገር የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ነው። የአስተዳደሩ መቀመጫ ቀድሞ ባኮ፣ በኋላ ጂንካ ሆኖ፣ በዚያ ዘመን ገለብና ሐመር ባኮ በሚባለው አውራጃ ጸሐፊዎች የገባውንና የወጣውን ደብዳቤ በባሕር መዝገብ ይጽፉ፣ የባለጉዳዩንም ቀጠሮ በኅዳጉ ያስታውሱ ነበር። መዝገቡ ከገመዱ የሚለየው ባለጉዳዩ ስለማይዘው ነው፤ ቀኑ የሚታወቀው በጸሐፊው ዘንድ ነውና ከሩቅ የመጣው አርብቶ አደር በአፍ የተነገረውን ቀን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ሕዝቡ የራሱን ቀጠሮ በገበያ ቀን ያደርግ ነበር፤ ዛሬም ያደርጋል፤ ሰኞ ቱርሚ፣ ማክሰኞ አልዱባ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካና ዲመካ። «የፊታችን ሐሙስ ቀይ አፈር» ማለት ቀኑንም ቦታውንም አንድ ላይ ይይዛል፤ ያልመጣውንም ሰው ዜና የሚያውቅ አንድ ዘመድ አይታጣበትም።

አሁን ወደ ስልኩ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ቱዱኢስት ጉዳይን በዝርዝር ይጽፋል፤ ሲፈጸም ምልክት ይደረግበታል፣ ይጠፋልም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ትሬሎ ጉዳይን በካርድ ጽፎ በሰሌዳ ላይ ከዓምድ ወደ ዓምድ ያሻግራል፤ ነገዱ ከጃፓን ነው፤ ታይቺ ኦኖ በቶዮታ ፋብሪካ ካዘጋጀው፣ ካንባን ተብሎ ከሚታወቀው የካርድ ሥርዓት ይወርዳል። ኖሽን ሁሉን በአንድ ገጽ ለመሰብሰብ ይሞክራል፤ እንደ እኔ ግምት ሠሪው ሥራውን ትቶ ገጹን ሲያስጌጥ የሚውልበት ስለሆነ ለብዙ ሰው አይበጅም። የጉግል ካሌንደር ቀንና ሰዓት ይጠብቃል፤ ከሁሉ ይልቅ ለገመዱ የሚቀርበው እርሱ ነው፤ ጥሪውን ለሌላው ሰው ልኮ እሺታውን ይቀበላልና። የእነዚህ ሁሉ መምህር ሆኖ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ዴቪድ አለን በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ጉዳዩን ሁሉ ከልቡናው አውጥቶ በሚተማመንበት ቦታ ቢያስቀምጥ ልቡናው እንደሚያርፍ አስተምሯል። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ አንዱን ምረጥ ብባል ለግል ሥራ ቱዱኢስትን፣ ከሰው ጋር ለሚሠራ ካሌንደሩን እመርጣለሁ።

ነገር ግን ሁለት ልዩነት ይታየኛል። ገመዱ ያጥራል፤ ዝርዝሩ ይረዝማል። ሐመሩ ማለዳ የሚዳስሰው ከትናንቱ ያነሰ ነው፤ የከተማው ሰው ማለዳ የሚከፍተው ከትናንት ያደረ ጉዳይ የተደረበበት ነው፤ ያደረውም በቀይ ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ በብራና መጽሐፎቻችን በቀይ ቀለም የቅዱሳን ስም ይጻፍ ነበር፤ በስልኩ ግን ለተበደለ ቀጠሮ ሆኗል። ሁለተኛውም፣ ዝርዝሩ የጸሐፊው ብቻ ነው፤ ቢሰርዘው የሚጠይቀው የለም።

ይህን በራሴ ላይ አየሁት። በቀይ አፈር አጠገብ የሚኖሩ አንድ የበና ሽማግሌ ስለ ከብት አደራ ሊነግሩኝ ነገ በሦስት ሰዓት ና ብለውኝ ነበር። በብዙ ጉዳይ ተይዤ ልቤን ለስልኩ ጥዬ 3 ሰዓት ብዬ ጻፍሁ፤ ስልኩም በፈረንጅ አቈጣጠር ከቀትር በኋላ መሆኑን ቈጠረልኝ፤ እኔ በዘጠኝ ሰዓት ስደርስ ሽማግሌው ከማለዳው ጀምረው በዛፉ ጥላ ተቀምጠው ቈይተው፣ ከብቶቹ ወደ ውኃ ስለ ወረዱ ሊነሡ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁ። አልተቈጡኝም። «ልጄ፣ መቼ ትመለሳለህ?» አሉኝ፤ ጂንካ ደርሼ በአራተኛው ቀን እንደምመለስ ነገርኋቸው። ከአጠገባቸው ከወደቀ የማዳበሪያ ጆንያ አንድ ክር መዘው፣ ጥርሳቸውን ረዳት አድርገው አራት ቋጠሮ ቋጠሩበትና በመዳፌ ላይ አኖሩት፤ ለራሳቸውም ሌላ መዘው አራት ቋጠሩ።

የመጀመሪያውን በማግሥቱ ጂንካ በአልጋዬ ጠርዝ ተቀምጬ ፈታሁ፤ የላስቲክ ክር ነበርና ቋጠሮው ጠብቆ በጥፍሬ አስቸገረኝ። ሁለተኛውን በነሪ ወንዝ ዳር፣ ሦስተኛውን በምሳ ቤት ደጃፍ ፈታሁ። አራተኛውን ሳልፈታው ይዤ ወረድሁ፤ ሽማግሌው ከሩቅ ባዩኝ ጊዜ የእርሳቸውን ክር ከፍ አድርገው አሳዩኝ፤ በእርሱም ላይ አንድ ቋጠሮ ቀርቶ ነበር።