ጸሐፊና አስጻፊ፦ የፕሮግራም መጻፊያ መሣሪያዎች የስያሜ ታሪክና የአማርኛ ተርጓሚ ድርሻ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች በየዘመኑ የተገለገሉባቸው አጋዥ መሣሪያዎች ምን ምን ተብለው እንደተሰየሙ በአጭሩ መመርመርና፣ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚባለው ነገር የእነዚሁ መሣሪያዎች የዕለት ተዕለት አካል ከሆነ ወዲህ የአማርኛ ተርጓሚ ሊጠነቀቅለት የሚገባውን አንድ ጉዳይ ማመልከት ነው። ጉዳዩም «ማን ጻፈው?» የሚለው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ለጥያቄው መነሻ የሆነኝ በመዝገበ ቃላት ሥራ ላይ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ከአንድ ወጣት የፕሮግራም ባለሙያ ጋር የቃላት ካርዶችን በኮምፒዩተር አማካይነት ተራ ስናስይዝ፣ ለፀሐይ መውጣት የሚነገረው «ሠረቀ» ከሌባው «ሰረቀ» ጋር፣ የሥዕሉ «ሠዐለ» ደግሞ ለመነ ማለት ከሆነው «ሰአለ» ጋር በአንድ መሪ ቃል ሥር ተደርበው አገኘኋቸው። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚለውጡ ጥቂት መስመሮች በፕሮግራሙ ውስጥ ተገኙ። ወጣቱ መሣሪያው ያቀረበለትን ረጅም ኮድ ሲቀበል እነዚህን መስመሮች ልብ ብሎ አላያቸውም ነበር። «ዶክተር፣ ይህን እኔ አልጻፍኩትም፤ እሱ ነው የጻፈው» አለኝ። ፕሮግራሙ አንዳችም ስሕተት አላመለከተም፤ ሥራውን ያለ እንከን ፈጽሟል። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠሩ የኮምፒዩተር ተመራማሪዎች ሞክሼ ፊደላትን አስቀድመው ማዋሐዳቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ከሌሎች ኮድ የተማረ መሣሪያ ይህንኑ ልማድ ቢደግም አያስደንቅም። ይሁንና ለቃል ፍለጋ የሚጠቅመው አሠራር የቃላትን ሥር ለሚመረምር መዝገበ ቃላት ጥፋት ነው።

ወጣቱ «እሱ» ያለው ነገር ረጅም የስም ታሪክ አለው። በ1952 አሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅ ግሬስ ሆፐር ለዩኒቫክ ኮምፒዩተር ያዘጋጁትን ፕሮግራም «ኮምፓይለር» አሉት። ከክምችት ውስጥ ንዑሳን ፕሮግራሞችን እያወጣ ስለሚያሰባስብ፣ ስሙ የተወሰደው ጽሑፎችን ሰብስቦ ከሚያጠናቅር ሰው ነው፤ በአማርኛም «አጠናቃሪ» ቢባል ይስማማዋል። በ1954 በዋሽንግተን ስለ «አውቶማቲክ ፕሮግራም አጻጻፍ» ጉባኤ ተደረገ። በ1957 ደግሞ በጆን ባከስ የሚመራው የአይ.ቢ.ኤም. ቡድን ፎርትራንን አቀረበ፤ ስሙም «የቀመር ትርጉም» ከሚል ሐረግ የተቆረጠ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ስማቸውን የተዋሱት ከእኛው ሙያ፣ ከአጠናቃሪና ከተርጓሚ ነበር። ሆኖም እነዚህ መሣሪያዎች በተወሰነ ደንብ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ቢሰጧቸው ያንኑ ውጤት ይመልሳሉ። ስለዚህም የጽሑፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ጥያቄ አልነበረም።

በ1970ዎቹ ስያሜው ወደ ሥራ ባልደረባነት አዘነበለ። ዋረን ታይትልማን ለሊስፕ ቋንቋ ተጠቃሚዎች ያዘጋጁት፣ የፊደል ግድፈትን ገምቶ የሚያርም ክፍል «ለማለት የፈለግሁትን አድርግ» የሚል ስም ነበረው፤ በ1972 ያቀረቡት ጥናትም «የፕሮግራም ጸሐፊው ረዳት» ስለተባለ ሥርዓት ነው። በ1976 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቻርልስ ሪችና ሃዋርድ ሽሮብ «ተለማማጅ» የሚል ስም ስላለው ሥርዓት የመጀመሪያ ዘገባቸውን አወጡ። በ1996 ማይክሮሶፍት «ኢንተሊሴንስ» የተባለውን የቃል ማሟያ አቀረበ። ይህ መሣሪያ የሚያቀርበው ዝርዝር በፕሮግራሙ ውስጥ አስቀድሞ ከተደነገጉ ስሞች የተወሰደ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ጊትሃብ ከኦፕንኤአይ ጋር በመተባበር «ኮፓይለት» ማለትም «ረዳት አብራሪ» ያለውን መሣሪያ በ2021 ለሙከራ ባቀረበ ጊዜ ነው። ይህ መሣሪያ የሚሠራው ከተደነገጉ ስሞች ዝርዝር በመምረጥ አይደለም፤ በይፋ ከተገኘ እጅግ ብዙ ኮድ ተምሮ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ይገምታል። በ2025 ደግሞ ፋይሎችን የሚያነቡ፣ የሚለውጡና ሙከራ የሚያካሂዱ መሣሪያዎች «ኤጀንት» በሚል ስም ተስፋፉ። ስያሜው ከአጠናቃሪ ወደ ተርጓሚ፣ ከዚያም ወደ ረዳትና ተለማማጅ፣ ወደ ረዳት አብራሪና ወኪል በማዕረግ ከፍ እያለ ሄዷል።

የስሙ ዕድገት ግን ለሥራው ዕድገት ማስረጃ አይሆንም። ሜትር የተባለ የምርምር ድርጅት በ2025 ባወጣው ጥናት፣ 16 ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች በሚያውቋቸው ፕሮጀክቶች ውስጥ 246 ሥራዎችን ሠርተዋል። በመሣሪያዎቹ ሲገለገሉ 19 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጊዜ የወሰደባቸው ሲሆን፣ እነርሱ ግን 20 በመቶ የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። ጥናቱ በ2025 መጀመሪያ የነበሩትን መሣሪያዎች ብቻ የሚመለከት ስለሆነ ለሁሉም ሥራ አይጠቀስም። ሆኖም ሠሪው ከመሣሪያው ጋር ስለሠራው ሥራ ያለው ግምት ሊያሳስተው እንደሚችል ያሳያል።

አሁን ወደ አማርኛው እንመለስ። ጆን ማካርቲና ባልደረቦቻቸው በ1955 ለዳርትመዝ ጉባኤ ባዘጋጁት ሐሳብ የተጠቀሙበትን ስያሜ እኛ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ብለነዋል። አስተዋለ ማለት ልብ አለ፣ አጤነ ማለት ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው አጋጣሚ የጎደለውም ይኸው ነበር። ስያሜው በሕዝብ ዘንድ ስለተለመደ እንነቅለዋለን ማለት ከንቱ ድካም ነው። በግሦቹና በንዑሳን ስያሜዎቹ ግን ምርጫው ገና በእጃችን ነው። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን ሳይጠቁም አይቆምምና፣ መሣሪያው «ጻፈ» ብሎ መተርጎምና «ጠቆመ» ብሎ መተርጎም ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነጥቦችን ለውይይት አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የመሣሪያውን ሐሳብ መቀበያ ቁልፍ «ተቀበል» ከማለት «አጽድቅ» ማለት ይሻላል፤ ስጦታ ይቀበሉታል፣ ሰነድ ግን መርምረው ያጸድቁታል። ሁለተኛ፣ «ወኪል» የሚለው ቃል በሕጋችን ታማኝነትና ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ ያለበትን ሰው ስለሚያመለክት፣ ግዴታ ለማይሸከም ፕሮግራም «ትእዛዝ ፈጻሚ» የሚለው ይመረጣል፤ ይህ ስም አዛዡን ያስታውሳልና። ሦስተኛ፣ መሣሪያው የሌለ የፕሮግራም ክምችት ስም ሲጠራ «ቅዠት» የሚለው ትርጉም እንቅልፍና ንቃት ያለው አእምሮ ያስመስለዋል፤ «መሠረት የለሽ ጥቆማ» ማለት የሆነውን ነገር ይገልጻል።

ለጠቅላላው ግንኙነት ደግሞ ቋንቋችን የቆየ ቃል አለው። በብራና መጻሕፍት መደምደሚያ የጻፈውና ያስጻፈው ተለይተው ይታሰባሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ጸሐፊው ስለ ግድፈቱ ይቅርታ ይለምናል። ዛሬ የፕሮግራም ባለሙያው ከጸሐፊነት ወደ አስጻፊነት እያለፈ ነው። ነገር ግን በመሣሪያው ዘንድ ይቅርታ የሚለምን ጸሐፊ ስለሌለ፣ የማረሙም የመጠየቁም ግዴታ በአስጻፊው ላይ ይወድቃል።

አራቱን ግሦች ለያይተን ወደየቦታቸው መልሰናል። ወጣቱ ባልደረባዬም በእርማት መዝገቡ ላይ የስሕተቱን ምክንያት ሲሞላ «እሱ ጻፈው» አላለም፤ «አስጻፍኩት፤ ሳላነብ አጸደቅሁት» ብሎ ፈረመበት።