ካርተርን የገደለው ማኖቬላ ነው?

መሐንዲሱ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው፣ የመኪና ሞተር የሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ከኦሃዮ ወደ ዲትሮይት ተወስዶ ለካዲላክ ኃላፊዎች የታየው በፌብሩዋሪ 1911 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ በፊት የነበረውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የቤንዚን መኪና የሚነሣው በአፍንጫው በኩል በሚገባ ማኖቬላ በሰው ክንድ ተዘውሮ ነበር፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገቡት መኪኖችም የተነሡት በዚሁ መንገድ ነው። የ1912 ካዲላክ ሞተሪኖና የኤሌክትሪክ መብራት ከፋብሪካ ተገጥሞለት ወጣ፤ ሌሎቹ አምራቾችም አንድ በአንድ ተከተሉ። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። የሚያከራክረው ሞተሪኖው ለምን በዚያ ሰዓት ተፈለገ የሚለው ነው። በመኪና ታሪክ መጻሕፍት ለዚህ ጥያቄ በተደጋጋሚ የሚሰጠው መልስ የአንድ ሰው ሞት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ይተረካል። በ1910 የብርድ ወራት፣ ከዲትሮይት ወደ ቤል አይል ደሴት በሚያሻግረው ድልድይ ላይ፣ አንዲት ሴት የምትነዳው ካዲላክ ሞተሩ ጠፍቶ ቆመ። ካርተርካር የሚባለውን መኪና ያመርት የነበረው ባይረን ካርተር በዚያ ሲያልፍ አይቷት ሊረዳት ወረደ። ሴትዮዋ ግን የእሳቱን ጊዜ የሚያስተካክለውን እጀታ ወደ ማዘግየት መመለስ ረስታ ኖሯል፤ ካርተር ማኖቬላውን ሲያዞረው ሞተሩ በተቃራኒው ዞረ፣ ብረቱም ተፈናጥሮ መንጋጋውን ሰበረው። ጉዳቱ ጠንቶበት ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የካዲላክ መሥራች ሄንሪ ሌላንድ የካርተር ወዳጅ ነበርና ኀዘኑ አንገበገበው፤ ከእንግዲህ የእኔ መኪና ሰው አይጎዳም ብሎ መሐንዲሶቹን ሰበሰበ፣ ኬተሪንግም ተጠራ። የሚጎድለው ነገር የለም፤ ደግ ሰው አለ፣ መንገድ ላይ የቀረች ሴት አለች፣ የሚጸጸት አዛውንት አለ፣ መፍትሔ ይዞ የሚመጣ ወጣትም አለ። ትረካውን ወደ ሰፊው አንባቢ ያደረሱትም ሩቅ ሰዎች አይደሉም፤ አንዱ በኬተሪንግ ሥር ለብዙ ዓመታት የሠራው ቶማስ ቦይድ ሲሆን፣ የአለቃውን የሕይወት ታሪክ በ1957 አሳትሟል።

የአደጋው ዓይነት እውነተኛ መሆኑን አስቀድሞ መቀበል ይገባል። በዚያ ዘመን ሞተር ውስጥ ነዳጁ የሚቀጣጠልበትን ቅጽበት የሚወስነው ነጂው ነበር፤ በመሪው ላይ ያለችውን ትንሽ እጀታ ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ማስቀደም፣ ከማስነሣቱ በፊት ደግሞ ወደ ማዘግየት ያዞራታል። ካልመለሳት እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ይለኮሳል፤ ፍንዳታው ፒስተኑን በመጣበት ይመልሰዋል፤ ከዘንጉ ጋር የተያያዘው ማኖቬላም ከክንድ ኃይል እጅግ በሚበልጥ ጉልበት ወደ ኋላ ይወረወራል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ነጂ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጎን አድርጎ የሚይዘው፣ ብረቱንም ወደ ታች ከመግፋት ይልቅ ወደ ላይ የሚስበው፤ ብረቱ ቢመለስ ከመዳፉ ሾልኮ እንዲወጣ ነው። በእጅ አንጓ አጠገብ የሚደርስ አንድ የአጥንት ስብራት እስከ ዛሬ በሕክምና መጻሕፍት የሾፌር ስብራት ተብሎ የሚጠራውም ከዚህ የተነሣ ነው። ማኖቬላ ሰው ይሰብር ነበር። ጥያቄው ካርተርን ሰብሮ ለሞተሪኖ መወለድ ምክንያት ሆኗል ወይ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ትረካው ከቀን መቁጠሪያ ጋር ይጋጫል። ባይረን ካርተር የሞተው በኤፕሪል 1908 ነው፤ የሞቱ ምክንያት ተብሎ የተመዘገበውም የሳንባ ምች ነው። ጄኔራል ሞተርስ የካርተርካርን ኩባንያ በ1909 ሲገዛ መሥራቹ በሕይወት አልነበረም። ታዲያ በ1910 ብርድ ድልድይ ላይ ቆሞ ማኖቬላ ያዞረው ማን ነው? የትረካው ጠበቆች ሁለት መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። አንደኛው፣ ሽማግሌዎች ከዓመታት በኋላ ሲያወሩ ዘመን ይስታሉ፤ አደጋው በ1908 መጀመሪያ ደርሶ፣ የተሰበረው ሰው አልጋ ላይ ሳለ በሳንባ ምች ሞቶ ይሆናል የሚል ነው። ይህ በራሱ የማይሆን ነገር አይደለም፤ የተኛ በሽተኛ በሳንባ ምች መሞቱ የተለመደ ነበር። ነገር ግን ቀኑን ወደ 1908 ስንመልሰው የትረካው አንጀት ይበጠሳል። ትረካው የሚለው ሌላንድ በኀዘኑ ትኩሳት መሐንዲሶቹን ሰበሰበ ነው፤ ካዲላክ ግን በ1909፣ በ1910 እና በ1911 ሞዴሎቹ ላይ ያንኑ ማኖቬላ እየገጠመ ሸጧል። ሌላንድ ከኬተሪንግ ጋር ሥራ የጀመረው በ1909 ሲሆን፣ መጀመሪያ ያዘዘው ሞተሪኖ ሳይሆን የማቀጣጠያ ሥርዓት ነበር። ወዳጁ ከአንድ ዓመት በፊት በማኖቬላ የሞተበት ሰው፣ ጎበዝ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ እጁ ገብቶለት ሳለ፣ ያንን ጉዳይ ለኋላ ያቆየዋል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ሁለተኛው መልስ፣ የሞተው ካርተር ባይሆን እንኳ ሌላ ሰው ይሆናል፣ ስሙ ተቀያይሮ ነው የሚል ነው። ይህን መቀበል ትረካውን ማዳን ሳይሆን መተው ነው። ስም አልባ ተጎጂ ማለት ከብዙዎቹ አንዱ ማለት ነውና፣ ከብዙዎቹ አንዱ ደግሞ በየሳምንቱ በየከተማው ነበር። የጥንቱ ትረካ ኃይል የሚመጣው ሟቹ የታወቀ ሰው፣ የሌላንድም ወዳጅ ከመሆኑ ነው። ያ ሲወጣ የሚቀረው ማኖቬላ አደገኛ እንደነበረ ሁሉም ያውቅ ነበር የሚለው ነው፤ ይህም ለምን ከ1911 በፊት አልተሠራም የሚለውን ጥያቄ እንደ አዲስ ይከፍታል።

የተሻለው መልስ ያለው ከድልድዩ ሳይሆን ከገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ዘንድ ይመስላል። ኬተሪንግ ወደ መኪና ከመግባቱ በፊት በዴይተን ከተማ ለናሽናል ካሽ ሬጂስተር ይሠራ ነበር፤ እዚያም የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያውን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር ሠራ። ያ ሞተር ቀኑን ሙሉ አይዞርም፤ መሳቢያው እስኪከፈት ለአፍታ ብቻ ይጠየቃል፣ ከዚያ ያርፋል። የመኪና ሞተር የሚያዞር ኤሌክትሪክ ሞተር ከመኪናው የማይተናነስ ክብደት ይኖረዋል የሚለው የባለሙያዎች ስሌት የተመሠረተው ሳያቋርጥ በሚሠራ ሞተር ላይ ነው። ኬተሪንግ ያንን ትቶ አነስተኛውን ሞተር ለጥቂት ሰከንድ ከአቅሙ በላይ ጫነው፤ ለማስነሣት ባትሪዎቹ ተደርድረው 24 ቮልት ይሰጡታል፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ያው መሣሪያ ዲናሞ ሆኖ በ6 ቮልት ይሞላቸዋል። አሳቡ ያደገው ኬተሪንግ ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር በ1909 ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም ሲሠሩበት በነበረው የዲድስ ጎተራ ውስጥ ነው። በእርግጥ በኤሌክትሪክ ማስነሣት ከኬተሪንግ የጀመረ አሳብ አልነበረም፤ ክላይድ ኮልማን የሚባል አሜሪካዊ በ1903 የባለቤትነት መብት አግኝቶበት ነበር፤ መብቱንም በኋላ ዴልኮ ገዝቶታል። የኮልማን መሣሪያ ገበያ አልደረሰም፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም።

ሌላንድን ያጣደፈውም ገበያው መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ዊንተን የተባለው አምራች ከ1908 ጀምሮ በታመቀ አየር የሚነሣ መኪና ይሸጥ ነበር። በባትሪ የሚሄዱት መኪኖች ደግሞ ማኖቬላ የሚባል ነገር ስለማያውቁ በተለይ በሴቶች ዘንድ ተወደዱ፤ የራሱ የሄንሪ ፎርድ ሚስት እንኳ ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ትነዳ ነበር። ሌላንድ የመሣሪያ ፋብሪካ ሙያተኛ ነው፤ በ1908 እንግሊዝ አገር ሦስት ካዲላኮች ተፈታተው፣ ዕቃቸው ተደበላልቆ፣ እንደገና ተገጣጥመው 500 ማይል የተነዱለት፣ በልክና በሥርዓት የሚያምን ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ተፎካካሪዎቹ አየር እያመቁ ሲያስነሡ የእርሱ ውድ መኪና በክንድ ሲዞር ዝም ብሎ አያይም። ኀዘን አልተሰማውም ማለት አይደለም። ኀዘኑ ብቻውን ሥራውን አልሠራውም ማለት ነው።

ይህን አሳብ የሚፈትን ሁለተኛ ዕቃ በዚያው መኪና ላይ አለ፦ ፍሬን። የታወቀ ሰው ሞት ዕቃ የሚያስለውጥ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ ቀድሞ የሚለወጠው ፍሬን በሆነ ነበር፤ ማኖቬላ ክንድ ሲሰብር ደካማ ፍሬን ቤተሰብ ይጨርሳልና። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አሜሪካ ሞተሪኖ ከገጠመች በኋላ እንኳ ለብዙ ዓመታት አብዛኞቹ መኪኖች የሚቆሙት በኋላ ጎማቸው ብቻ ነበር፤ የፎርድ ሞዴል ቲ የእግር ፍሬን ጭራሽ ጎማ ላይ ሳይሆን ማርሹ ውስጥ ነበር የሚይዘው። ማልኮም ሎክሂድ የነደፈው በፈሳሽ ግፊት አራቱንም ጎማ የሚይዝ ፍሬን በ1921 በዱሰንበርግ መኪና ላይ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ዱሰንበርግ በፈረንሳይ ታላቅ ውድድር ያሸነፈው በዚሁ ፍሬን ነው። አራት ጎማ መያዝ አደገኛ ነው የሚል የጋዜጣ ማስታወቂያ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ስቱድቤከር ብዙም ሳይቆይ ራሱ ገጠመው። ክራይስለር በ1924 በመካከለኛ ዋጋ መኪና ላይ የፈሳሽ ፍሬን ሲያቀርብ፣ ፎርድ ወደዚያ የገባው በ1939 ነው። ፍሬን የሚተረክለት ሟች የለውም፤ በመጨረሻ የገፋውም የሩጫ ሜዳና የተፎካካሪ ዋጋ፣ ቆይቶም ሕግ ነው። ፍሬኑ በሁለት የተለያዩ መስመሮች እንዲሠራ፣ አንዱ ቢያፈስ ሌላው እንዲይዝ የማድረጉ አሳብ በ1962 ካዲላክ ላይ ቢታይም፣ በአሜሪካ ግዴታ የሆነው በ1968 ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ አሮጌ መኪና ለሚያድስ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ቮልስ የሚያድስ ሰው ሁለቱንም ታሪክ በአንድ መኪና ላይ ያገኛቸዋል። ቮልስዋገን ከ6 ወደ 12 ቮልት ሲያልፍ የቮላኖው ጥርስ ከ109 ወደ 130 ተለወጠ፤ ያም ሆኖ አንዳንዱ የ6 ቮልቱን ሞተሪኖ በ12 ቮልት ባትሪ ሲያስነሣ ይኖራል፤ ዕቃው የሚተርፈውም በኬተሪንግ ብልሃት ነው፣ የሚጫነው ለሰከንዶች ብቻ ነውና። ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የራሱ አይደለም፤ የባትሪው ጫፍ ዝጓል፣ ወይም ካምቢዮውን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የመሬት ገመድ ላልቷል። ዞሮ እየጎተተ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ የዘንጉ ጫፍ ካምቢዮው ውስጥ የሚገባባት የነሐስ ቀለበት ተበልታ ይሆናል፤ እርሷ ሳትቀየር አዲስ ሞተሪኖ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በፍሬን በኩል ከ1967 በፊት የተሠራ ቮልስ ባለ አንድ መስመር ነው፤ ከአራቱ ጎማዎች አንዱ ጋ ያለው የፍሬን ላስቲክ ቢቀደድና ዘይቱ ቢፈስ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ የድሮ መኪና ባለቤት የፊት ጎማውን ወደ ዲስክ ለመለወጥ ከመጓጓቱ በፊት የፍሬን ፓምፑን ባለ ሁለት መስመር ያድርገው፤ የቆየ ዘይት ውኃ ይስባልና ዘይቱንም አብሮ ይቀይር። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነም ሞተሪኖው ይቆይ፤ ቮልስ ተገፍቶ ይነሣል።