ሰዓቱን የሚያሳየው ሰውዬ

የ«ሳይኮ» ፊልም ማስታወቂያ፣ አሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. 1960። በወረቀት ላይ የታተመ።

ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በጣቱ ወደ እጅ ሰዓቱ እያመለከተ ነው፤ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም ሰው አይገባም። ያኔ ተመልካቹ በፈለገው ሰዓት ገብቶ ከመሃል ማየት ልማዱ ስለነበር ትእዛዙ ራሱ ወሬ ሆነ።

የታሪኩ መነሻ በኅዳር 1957 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ፕሌንፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ፖሊስ የፈተሸው የኤድ ጊን ቤት ነው። ጊን ሁለት ሴቶችን መግደሉን አምኗል። ከመቃብር አስከሬን እያወጣም ከቆዳውና ከአጥንቱ የቤት ዕቃ ይሠራ ነበር። በ1945 የሞተችውን እናቱን ክፍል ግን ሳይነካ ዘግቶ አቆይቶታል።

ደራሲው ሮበርት ብሎክ የሚኖረው እዚያው ግዛት፣ ብዙም ሳይርቅ ነበር፤ ፊልሙ የተሠራበትን ልብ ወለድ በ1959 አሳተመ። ከጊን የወሰደው የሚመስለውን ያህል አይደለም፤ በታሪኩ ውስጥ ያለው ሞቴልም፣ በሻወር ውስጥ የሚፈጸመው ግድያም የራሱ ፈጠራ ናቸው። በፊልሙ ላይ የሚፈሰው ደም ደግሞ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አያስታውቅም።

ሕዝቡ ግን ፊልሙን አልጠበቀም። የጊን መኪና በ1958 በጨረታ ተሸጦ በየካርኒቫሉ በ25 ሳንቲም ይታይ ነበር።