ሞሪስ ብራውን

ሞሪስ ብራውን (1881–1955 እ.ኤ.አ.) በሲያትል የተዋናይነት ትምህርት እንዲጀመር የረዳ እንግሊዛዊ ተዋናይ፣ አዘጋጅና ፕሮዲዩሰር ነው። የተወለደው ሬዲንግ ሲሆን የተማረው ካምብሪጅ ነው። ከባለቤቱ ከኤለን ቫን ቮልከንበርግ ጋር በ1912 ቺካጎ ላይ 91 ወንበር ያላትን “ሊትል ቲያትር” አቋቋመ፤ ቲያትር ቤቷ በ1917 ተዘጋች። በ1918 ባልና ሚስቱ በኔሊ ኮርኒሽ የሲያትል ትምህርት ቤት የድራማ ክፍል መሠረቱ።

ወደ ለንደን ከተመለሰ በኋላ በ1929 የአር. ሲ. ሸሪፍን “ጆርኒስ ኤንድ” የተባለ የጦርነት ተውኔት ለመድረክ አብቅቶ ገንዘብም ስምም አገኘ። ይሄው ገንዘብ በ1930 ሳቮይ ቲያትር ለታየው “ኦቴሎ” በር ከፈተ፤ ተውኔቱን እኛ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም እናውቀዋለን። ጥቁሩ አሜሪካዊ ፖል ሮብሰን ኦቴሎን፣ ፔጊ አሽክሮፍት ደስዴሞናን ሆነው ሲጫወቱ አዘጋጇ ቫን ቮልከንበርግ ነበረች። ሮብሰንን ለዚያ ሚና መምረጡ ድፍረት ነበር። ብራውን የኢያጎን ሚና ለራሱ ማድረጉ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የባለገንዘብ ምርጫ ነው፤ ሃያስያንም አልማሩትም። መድረኩም ከመጨለሙ የተነሳ ሮደሪጎን የሚጫወተው ራልፍ ሪቻርድሰን መንገዱን ለማየት እጅጌው ውስጥ ባትሪ ይደብቅ ነበር ይባላል።

የሕይወት ታሪኩን የጻፈበት መጽሐፍ በሞተበት ዓመት ታትሟል።