«ቅይጥ ጠመንጃ»፤ የአነስተኛ አደን መሣሪያ ስያሜ ታሪክ ከመተከል አንጻር

«ጠመንጃ» የሚለውን ቃል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ይሁን እንጂ በአንድ ሰደፍ ላይ ሁለት ዓይነት አፈሙዝ ተገጥሞለት በአንደኛው ነጠላ ጥይት፣ በሌላው ብዙ ደቃቅ እርሳስ የሚተኩሰውን የአነስተኛ አደን መሣሪያ በአማርኛ ለመጥራት የሚፈልግ ተርጓሚ ከሁለት አንዱን ለማድረግ ይገደዳል፤ ወይ መስመር ሙሉ መግለጫ ይጽፋል፣ ወይም «የአደን ጠመንጃ» ብሎ ያልፈዋል። የመጀመሪያው ስም አይደለም፤ ሁለተኛው ደግሞ ዝሆን የተገደለበትንም ቆቅ የተመታበትንም አንድ ላይ የሚጠቀልል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ጉድለቱ በጥምሩ ስም ላይ ሳይሆን በሁለቱ አባላት ላይ ነው የሚል ነው። ሁለቱ አፈሙዞች ለየብቻቸው ስም ሳይወጣላቸው ቅልቅላቸው ስም ሊያገኝ አይችልም።

በመጀመሪያ የስሞቹን አመጣጥ እንመልከት። «ነፍጥ» የዐረብኛው «ነፍት» ነው፤ ይህም ቀድሞ የሚቀጣጠል ዘይት፣ በኋላም በግብፅ መምሉኮች ዘመን ባሩድን የሚያመለክት ቃል ነበር። «ባሩድ» ራሱ ከዐረብኛ፣ «ዝናር» ደግሞ በዐረብኛ በኩል ከግሪክ የመጡ ናቸው። «ጠመንጃ» በቀድሞው አጻጻፍ «ጠበንጃ» ወይም «ጠብመንጃ» ሲሆን ከቱርክኛው «ታባንጃ» ጋር ይዛመዳል። ቱርኮች በዚህ ቃል የሚጠሩት ሽጉጥን ነው፤ ወደ እኛ ሲሻገር ግን የረጅሙ መሣሪያ ስም ሆኗል። «ጠብ መንጃ» ብሎ መፍታት ሕዝባዊ አፈታት ነው፤ ያማረ ቢሆንም የቃሉ ምንጭ አይደለም።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ልዩ ልዩ ጠመንጃ ወደ አገራችን በብዛት መግባት በጀመረ ጊዜ ስሙም አብሮ ገባ። «ስናድር» ከእንግሊዙ ስናይደር፣ «ለበን» ከፈረንሳዩ ለቤል፣ «ውጅግራ» ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የተገኙ ናቸው። ይህ የመጨረሻው በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው 11 ሚሊ ሜትር የግራ ጠመንጃ ሲሆን፣ ድምፁ ከወፏ ከ«ጅግራ» ጋር መግጠሙ ፍጹም አጋጣሚ ነው። ውጅግራን «ጅግራ መግደያ» ብሎ ለመፍታት የሚቃጣው ሰው ቢኖር በዚያ ጥይት የተመታች ጅግራ ለድስት የሚሆን ሥጋ እንደማይተርፋት ማሰብ ይበቃዋል። ከነዚህ ሌላ «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚል የቀልድ ስምም ተሰምቷል፤ እስኪጎርስ ድረስ ባላጋራው ቆሞ እንዲጠብቀው የሚለምን ጠመንጃ ማለት ነው።

ከዚህ ዝርዝር የምንረዳው አማርኛ ጠመንጃን በሠሪው፣ በአገሩና በጠባዩ ሲሰይም መኖሩን ነው። የአፈሙዙ ውስጥ እንዴት እንደተሠራ ለስያሜ መነሻ ሆኖ አያውቅም። ይህም የሆነበት ምክንያት አለ። ጠመንጃ የገባው ለጦርነትና ለትልቅ አደን ነውና።

የአደን ቃላታችንም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ የገደለ ሰው «ገዳይ» ይባላል፤ የገደለው «ግዳይ» ነው፤ ግዳዩን ይጥላል፣ ይፎክራል፣ ይሸልላል፣ ጎፈር ይደፋል፣ ራሱን ቅቤ ይቀባል። ከዚህ አንድ ሥር ብቻ የሚወጣው የማዕረግ፣ የግጥምና የሥነ ሥርዓት ቃል ብዙ ነው። ወደ ቆቅ፣ ጅግራ፣ ጥንቸልና ሚዳቋ ስንወርድ ግን የምናገኛቸው «ወጥመድ»፣ «አሽክላ»፣ «ወንጭፍ» የመሳሰሉት የእረኛና የገበሬ ቃላት ናቸው። ቆቅ ጥሎ ፎክሮ የገባ ጀግና አይታወቅም። በመሆኑም ትልቁ አደን ከነጠመንጃው በቤተ መንግሥትና በመኳንንት አፍ ሲዳብር፣ ትንሹ አደን ያለ ጠመንጃ፣ ከሞላ ጎደልም ያለ መዝገበ ቃላት ቀረ።

ለዚህ አስረጅ የሚሆነን የመተከል ምድር ነው። የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ማንቡክ የሚገኝበት ይህ ቆላ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሲሆን ቀድሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር መተከል አውራጃ ይባል ነበር። ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ አገው፣ አማራና ኦሮሞ በየቋንቋቸው የሚገናኙበት ስፍራ ነው። የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አሕመድ በ1984 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው 8ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ያቀረቡት ጥናት ከ1901 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በመተከል ስለነበረው አደን ነው። እኚሁ ምሁር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሌላ ጥናት በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ አገር ስለተካሄደው የባሪያ ንግድ ጽፈዋል። ሁለቱ ርእሶች በአንድ ሰው ብዕር ጎን ለጎን መገኘታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝሆን ፍለጋ ቆላ የወረደው ባለ ነፍጥ ከቆላው ሰውም ፈንግሎ ይመለስ ነበርና። ቀስት የያዘው የጉሙዝ አዳኝ ጠመንጃን በመጀመሪያ ያወቀው የጅግራ ማደኛ ሆኖ ሳይሆን በራሱ ላይ ሲደገን ነው። የቃላት አጥኚ «ነፍጥ»ንና ከእርሱ የወጣውን «ነፍጠኛ»ን በዚህ አካባቢ ሲፈታ ይህን ሊዘነጋ አይገባውም፤ በደጋው «መሣሪያ ያዥ» የሆነው ቃል በቆላው ሌላ ክብደት አለው።

በዚሁ አቅጣጫ በትናንሽ ወፎች ላይ ያተኮረ ሰው ተመዝግቦ የምናገኘው ከውጭ አገር ነው። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሉት ዓመታት የዐባይን ሸለቆና የጣናን ዙሪያ ሲያጠና የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን አዕዋፍ ለጥናት ሰብስቧል። ለሙዚየም የሚፈለግ ወፍ በጦር ጠመንጃ ቢመታ የሚቀረው ላባ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ሁሉ ደቃቅ እርሳስ የሚበትን መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ አማርኛ ግን ለዚህ መሣሪያ የተለየ ስም አላተረፈም።

አሁን ወደ መሣሪያው አሠራር እንለፍ፤ ስያሜው የሚገኘው እዚያ ነውና። አንደኛው ዓይነት አፈሙዝ ውስጡ በጥምዝ ቦይ የተፈለፈለ ነው። ጥይቱ በቦዩ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ ሳይዋልል ሩቅ ይሄዳል። ሁለተኛው ውስጡ ልሙጥ ሲሆን፣ የጎረሰውን ደቃቅ እርሳስ ከ30 እስከ 40 ሜትር በሚሆን ርቀት ላይ እንደ ወንፊት ዘርግቶ በራሪ ወፍ ይመታል። ደቃቁን እርሳስ በጥምዝ አፈሙዝ ቢተኩሱት ሽክርክሩ ወደ ዳር ይበትነውና መካከሉን ባዶ ያደርገዋል። አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠራ ስለማይችል ነው ሁለቱን በአንድ ሰደፍ ማጣመር ያስፈለገው፤ ከፊቱ ጅግራ ትነሣ ወይም ሚዳቋ ይቁም አስቀድሞ የማያውቅ አዳኝ ሁለቱንም ይዞ ይጠብቃል።

ጀርመኖች ጥምዙን «ቡክሰ»፣ ልሙጡን «ፍሊንተ» ስለሚሉ ሁለቱ ሲጋጠሙ «ቡክስፍሊንተ» ለማለት አልተቸገሩም። ሦስት አፈሙዝ ያለውንም ከ«ሦስት» አውጥተው «ድሪሊንግ» ብለውታል። ከ1941 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. የዛወር ፋብሪካ ለጀርመን አየር ኃይል የሠራው እንዲህ ያለ መሣሪያ ሁለት ልሙጥና አንድ የ9.3 ሚሊ ሜትር ጥምዝ አፈሙዝ ነበረው፤ አብራሪው በረሓ ላይ ቢወድቅ አድኖ እንዲበላ ታስቦ ነው። ሶቪየቶችም በ1965 እ.ኤ.አ. ሁለት ጠፈርተኞቻቸው ካሰቡት ቦታ ርቀው በበረዷማ ጫካ ካረፉ በኋላ ለዚሁ ዓላማ ባለ ሦስት አፈሙዝ ሽጉጥ አዘጋጅተው ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጠፈርተኞች ሰጥተዋል። እንግሊዝኛው በበኩሉ ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን የተገጠሙበትን ዓይነት በደቡብ አፍሪካው ኬፕ ስም ይጠራዋል፤ ይህ ስያሜ ስለ አሠራሩ ምንም ስለማይናገር ለአርአያነት አይመረጥም።

በስያሜ ልማዳችን መጀመሪያ የሚፈተሸው አማርኛው ራሱ ነው፤ እዚህም ከአማርኛ መውጣት አያስፈልግም። የመጀመሪያውን «ባለ ጥምዝ»፣ ሁለተኛውን «ባለ ልሙጥ» ማለት ይቻላል። ለደቃቁ እርሳስ «ብትን ዐረር» ይስማማል፤ «ዐረር» በግእዝ እርሳስ ማለት ስለሆነ ትርጉሙን አይለቅም። ለጥምሩ «ጣምራ ጠመንጃ» የሚለው ቀድሞ ወደ አፍ ይመጣል። ነገር ግን «ጣምራ» ሁለት መሆንን እንጂ መለያየትን አያሳይም፤ ሁለቱም አፈሙዙ ልሙጥ የሆነውን ተራ ሁለት አፍ ጠመንጃም ሊያጠቃልል ይችላል። «ቅይጥ» ግን ዓይነቱ የተለያየ ነገር መቀላቀሉን ይናገራል። «ቅይጥ ኢኮኖሚ» በሚለው ሐረግ ስለለመድነውም ለጆሮ እንግዳ አይሆንም። ስለዚህ «ቅይጥ ጠመንጃ»፣ ለባለ ሦስቱም «ሦስት አፍ ቅይጥ» የሚሉት ይቀርባሉ።

ይህ ሁሉ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር መጥቀስ ያሻል። በፌዴራል ሕጎች በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ቢፈጠር ገዢው አማርኛው ነው፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋም አማርኛ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ መሣሪያን በዓይነቱ ለይቶ መመዝገብ የየዕለት የጽሕፈት ቤት ሥራ ሆኗል። ማንቡክ ላይ አንድ የጉሙዝ ገበሬ ማሳውን ከጅግራ የሚጠብቅበትን ልሙጥ መሣሪያ ቢያቀርብ፣ መዝጋቢው ያለው ቃል «ጠመንጃ» ብቻ ከሆነ ያ መሣሪያ ከኪሎ ሜትር በላይ ጥይት ከሚልከው ጋር በአንድ ዐምድ ይሰፍራል። ገበሬው በአስተርጓሚ የሚሰማው፣ አስተርጓሚውም ወደ ጉሙዝኛ የሚመልሰው ያንኑ አንድ ቃል ነው።

በመጨረሻ ለተርጓሚዎች ስለ ቁጥሩ። በልሙጥ አፈሙዝ ላይ የሚጻፈው «12» ሚሊ ሜትር አይደለም። በአፈሙዙ ስፋት ልክ ከሚሠሩ የእርሳስ ድብልብሎች 12ቱ አንድ ፓውንድ ይመዝናሉ ማለት ነው፤ ስፋቱም 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሙዙ ይሰፋል። በዚህ መለኪያ «20» ከ«12» የጠበበ ነው። «.410» የሚባለው ግን ከዚህ ሥርዓት ወጥቶ በኢንች የተለካ፣ 10.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ነው፤ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለረጅም ጊዜ በተሠራው አሜሪካዊው ሳቬጅ 24 ላይ ከ«.22»፣ ማለት ከ5.6 ሚሊ ሜትሩ ጥምዝ አፈሙዝ ሥር ተገጥሞ እናገኘዋለን። የመጀመሪያውን መለኪያ «ጌጅ»፣ ሁለተኛውን «ካሊበር» ብሎ በውሰት መለየት ይሻላል፤ ሁለቱንም «ስፋት» ብሎ የተረጎመ ሰው 20ውን ከ12ቱ ማስበለጡ አይቀርም።