ሰባት ቤት ቆጥረን ያልቆጠርነው

ዘር መቁጠር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለጋብቻ ሲሆን ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ አማራውም ኦሮሞውም ያውቅበታል። የአያት፣ የቅድመ አያት፣ የምንጅላት ስም አይጠፋም። የሚጠፋው ሴቶቹ በምን እንደሞቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1866 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ የሚስቱን ቤተሰብ ቆጠረ። ከ24 ሴቶች 10ሩ በጡት ካንሰር መሞታቸውን ጽፎ አሳተመ። በዚያ ጊዜ «ጂን» የሚለው ቃል እንኳ አልነበረም። መሣሪያው ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ማን ሞተች? በስንት ዓመቷ? በምን? በ1990 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ-ክሌር ኪንግ በሽታው የሚደጋገምባቸውን ቤተሰቦች ተከትላ የአንዱን ጂን ቦታ 17ኛው ክሮሞዞም ላይ አገኘች። ጂኑ ራሱ በ1994 ተለየ፤ ቢአርሲኤ 1 ይባላል። የእሷም መነሻ የቤተሰብ ታሪክ ነበር።

እኛ ዘንድ ግን ይህ ታሪክ በሹክሹክታ ቀረ። «ያ ክፉ በሽታ» ተብሎ ስሙ ተሸሸገ። እህቶቿ ባል ያጣሉ ተብሎም ተደበቀ። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ የነበረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው። ከገጠር ብዙዋ ሳትመረመር ሞተች፤ ልጇ የወረሰችው «ታማ ሞተች» የሚለውን ብቻ ነው።

ያቺ ልጅ ዛሬ ከተማ ገብታለች። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀበት ከመስከረም 2011 ዓ.ም. ወዲህ ልብስ የሚሰፉት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ከእናት ርቀው፣ ቤት በጋራ ተከራይተው ይኖራሉ። ለእነሱ በየጥቅምቱ ሮዝ ሪባን አስሮ ፎቶ መነሳት ምን ይጠቅማል? ከሥራ ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ተሰጥቶ፣ አንዲት ነርስ በኦሮምኛና በአማርኛ ብታስረዳቸው ይሻላል።

የምትነግራቸው ብዙ አይደለም። እናት ወይም እህት ታማ ከነበረ አደጋው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ግን ፍርድ አይደለም፣ ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን አይታመሙም። የአባት እህትና የአባት እናትም ይቆጠራሉ። ዘመዷ በወጣትነቷ ታማ ከነበረ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ክትትሉን ቀደም ብሎ ስለመጀመር ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። በቤተሰቧ ማንም ያልታመመባትም አትዘናጋ፤ ከሚታመሙት አብዛኞቹ እንደ እሷ ናቸው። እብጠት ካገኘች «አያመኝም» ብላ አትተወው፤ የጡት ካንሰር እብጠት ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም።

ቀሪው የስልክ ጥሪ ነው። እሑድ ወደ ቤት ሲደወል ከሰላምታው ቀጥሎ እናትን መጠየቅ፣ ዕድሜና በሽታ ወረቀት ላይ ማስፈር፣ ወረቀቱን ለጤና ባለሙያ ማሳየት። ብሮካ ያደረገው ከዚህ ብዙም አይበልጥም።

እናንተስ? የእናታችሁ እናት በምን እንደሞቱ ታውቃላችሁ?